ባልሽ ሲጋራ እንዲያቆም፦ ሐኪም የሚያዘውን መድኃኒት ከቤት ሆኖ የማገዝ አሠራር

ሲጋራ ለማቆም የሚያግዝ፣ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። ይህን ስናገር ብዙ ሰው "የምርሽን ነው?" ይለኛል። የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው። ሰዉ የሚያውቀው ማቆሚያ አንድ ነው፤ "በቃ!" ብሎ ፓኮውን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ መወርወር። በዚያው የተገላገሉ አሉ። አብዛኛው ግን በሳምንቱ ከሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ ገዝቶ መልሶ ይጀምረዋል። መድኃኒቱ የማቆም ዕድልን ከእጥፍ በላይ ሊያሳድግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለማቆም የሚያግዙትን ቫረኒክሊንንና ቡፕሮፒዮንን አስፈላጊ መድኃኒቶች ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው በከንቱ አይደለም።

የምጽፈው ለአጫሹ ሳይሆን አብራው ለምትኖረው ነው። ድሬ ነንና "አንቺ" እያልኩ እቀጥላለሁ። አጫሿ ሚስትህ ከሆነች ገልብጠህ አንብበው። ክኒኑን የሚውጠው እሱ ነው። ሰዓቱ፣ ምግቡ፣ ቡናው፣ በርጫው (የጫት መቃሚያው ጊዜ) ግን ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። መድኃኒቱን ጀምረው የተዉ ሰዎች ሲነግሩኝ፣ ያስተዋቸው አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ ሳይሆን በክኒኑ ዙሪያ ያለው ነገር ነው።

1. ሳያውቅ አይሰጠውም

በየጊዜው አንዷ ትመጣለች። ሻሿን ወደ ፊት ሳብ ታደርግና ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ትልና፣ "እህቴ፣ ሻይ ውስጥ የሚጨመር የለም እንዴ? ጣዕሙ የማይታወቅ?" ትለኛለች።

የለም። ቢኖርም አልሰጣትም። ቡፕሮፒዮን ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ተደርጎ የተሠራ ክኒን ነው። ከተፈጨ መድኃኒቱ ባንዴ ይለቀቅና ሰውየውን ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ቫረኒክሊን ደግሞ ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዱን ያዞራል። ምን እንደዋጠ የማያውቅ ሰው በባጃጅ መሪ ላይ ቢያዞረው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ከዚህም ሌላ ነገሩ አይሠራም። መድኃኒቱ ሐራራውን፣ ማለትም የማጨስ አምሮቱን፣ ያለዝባል እንጂ ሲጋራውን ከእጁ አይነጥቅም። መተው ያለበት ራሱ ነው።

ስለዚህ ንገሪው። ጊዜ ምረጪ። በምርቃና ሰዓት የተገባ ቃል ማታውን እንደሚበርድ የድሬ ሰው አይነገረውም፤ ያን ሰዓት ተይው። ሳል ይዞት ሲያጣጥርም "አላልኩህም!" ለማለት አይሆንም። ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ልጆቹ ሳይኖሩ፣ "ለማቆም የሚያግዝ የሐኪም መድኃኒት አለ አሉ፤ አብሬህ ልሂድ?" በይው። አንዴ ጠይቀሽ ተይው። እምቢ ካለ ለጊዜው ይቅር። "ባንዴ ማቆም አልችልም" ካለ ደግሞ በቫረኒክሊን ቀስ በቀስ የመቀነስ መንገድ አለ። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት የሚያጨሰውን በግማሽ፣ በቀጣዮቹ 4 ደግሞ የቀረውን በግማሽ ይቀንሳል፤ እስከ 12ኛው ሳምንት ጨርሶ ይተዋል። መድኃኒቱ ያኔ በጠቅላላው 24 ሳምንት ይወሰዳል።

2. አንድ ሳምንት መዝግቡ

አጭር ሥራ ነው። በቀን ስንት ፍሬ? የመጀመሪያዋን ከእንቅልፉ በተነሳ በስንት ደቂቃ? ከምን ጋር? ከእንቅልፍ ተነስቶ 30 ደቂቃ ሳይሞላው የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጠንካራ ነው፤ ሐኪሙ ይህን ማወቅ ይፈልጋል። በፍሬ የሚገዛ ሰው ሲጠየቅ ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚናገረው። ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፣ ፓኮ ስለሌለው ቁጥሩን አያውቀውም። የበርጫ ቀንና የሌላውን ቀን ለይታችሁ ጻፉ። ሺሻም ትንባሆ ነው፣ ይቆጠር።

3. ሐኪም ጋ ይዛችሁ የምትሄዱት

በጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል መሄድም ይቻላል። ቡፕሮፒዮን ለድብርትም የሚሰጥ መድኃኒት ስለሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያሉ ባለሙያዎች በደንብ ያውቁታል። እዚያ ቢልኳችሁ "እብድ ነው እንዴ አሉኝ?" ብሎ እንዳይቀየም አስቀድመሽ ንገሪው።

ሐኪሙ ፊት ወንዶች ዝም ይላሉ። "ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም" ይሉና ይወጣሉ። ዝርዝሩን በወረቀት ይዛችሁ ግቡ። እነዚህ መታወቅ አለባቸው፦

- የሚጥል በሽታ ነበረበት ወይ? በልጅነቱም ቢሆን። ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመትቶ ያውቃል ወይ? ካለ ቡፕሮፒዮን ለእሱ አይሆንም ሊባል ይችላል፤ ቫረኒክሊንም በጥንቃቄ ነው።
- የኩላሊት ችግር። ቫረኒክሊን በአብዛኛው የሚወጣው በሽንት ነው፤ ኩላሊቱ ክፉኛ ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል።
- ድብርት፣ ጭንቀት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ ያለፈም ቢሆን።
- ልብ፣ ግፊት፣ ስኳር።
- የሚወስደው መድኃኒት በሙሉ። የኤችአይቪ መድኃኒት ከቡፕሮፒዮን ጋር ሊጋጭ ይችላል። ትራማዶል፣ የወባ መድኃኒት፣ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች ከቡፕሮፒዮን ጋር ሲገናኙ የመንቀጥቀጥ አደጋን ይጨምራሉ። ለወገቡ ብሎ ከሱቅ የሚገዛትን ክኒንም ጻፉ።
- መጠጥ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው መጠጡን ባንዴ አቁሞ ቡፕሮፒዮን ቢጀምር አደገኛ ነው።
- ጫት። በቀን ስንት፣ በሳምንት ስንቴ።

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። "ጫት ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ፣ አቦ!" ይላል። ነገሩ ግን ይዛመዳል። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ነው። ቡፕሮፒዮን በኬሚካል አሠራሩ የካቲኖን ዘመድ ነው። ሁለቱም ያነቃሉ፣ ሁለቱም እንቅልፍ ይነሳሉ፣ ሁለቱም ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። አነቃቂ ነገር ከቡፕሮፒዮን ጋር ሲደረብ የመንቀጥቀጥ አደጋው ከፍ ይላል። ሐኪሙ ይህን አውቆ ነው መምረጥ ያለበት። በየቀኑ የሚቅም ሰው "አልፎ አልፎ" ካለ የሚጎዳው ራሱን ነው። አንቺም ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ "ኧረ በየቀኑ ነው ዶክተር" ብትይ ነውር የለውም። ቤት ስትገቡ ትታረቃላችሁ።

አጫሿ ሚስት ከሆነች፣ እርጉዝ ወይም የምታጠባ ከሆነች፣ ሐኪሙ ሳይወስን አንድም ክኒን አትጀምርም።

4. መድኃኒቶቹ

ቫረኒክሊን። ኒኮቲን አንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ቦታውን ሲይዝ በመጠኑ ስለሚያነቃቃው ሐራራው ይለዝባል። ሰውየው ቢያጨስ ደግሞ ኒኮቲኑ ማረፊያ ስለሚያጣ ሲጋራው እንደ ድሮው አይጥመውም። የተለመደው አወሳሰድ እንዲህ ነው፦ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን 0.5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ። ከ8ኛው ቀን ጀምሮ 1 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት እስኪሞላ። በመጀመሪያው ሳምንት ሲጋራው አይከለከልም። የሚቆመው በ8ኛው ቀን ነው።

"ያሳብዳል ይላሉ" የሚል ወሬ ትሰሚያለሽ። ወሬው መነሻ አለው፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዓመታት በመድኃኒቱ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አስለጥፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ8000 በላይ አጫሾች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ወጣ። የአእምሮ ሕመም የነበረባቸውም ያልነበረባቸውም ተካተውበታል። መድኃኒቱ ከባዶ ክኒን በጎላ ሁኔታ የበለጠ የአእምሮ ችግር አላመጣም። ማስጠንቀቂያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተነሳ። ይህ ማለት ጠባዩን አትከታተዪ ማለት አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቡፕሮፒዮን። 150 ሚሊግራም፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በቀን አንዴ፣ ከዚያ በቀን ሁለቴ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 8 ሰዓት ይኑር። ጠዋት 1 ሰዓት ከዋጠ ሁለተኛውን 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይዋጥ፤ ወደ መኝታ ከተጠጋ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋል። አይፈጭም፣ አይሰበርም፣ አይታኘክም። ሲጋራው የሚቆመው ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከ7 እስከ 12 ሳምንት ይወሰዳል። አፍ ያደርቃል።

የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ። በብዙ አገር ያለ ማዘዣ ይሸጣሉ፣ ግን ሐኪሙ ይወቀው። በቀን ከ10 ፍሬ በላይ የሚያጨስ ሰው ብዙውን ጊዜ በ21 ሚሊግራም ፕላስተር ይጀምራል፤ ከ6 ሳምንት በኋላ ወደ 14፣ ከዚያ ወደ 7 ይወርዳል። ፕላስተር ለድሬ ሐሩር ያስቸግራል። በላብ ጫፉ ይነሳል። ሙቀት ደግሞ ኒኮቲኑ ወደ ሰውነት የሚገባበትን ፍጥነት ይጨምራል። ጠዋት ገላውን ታጥቦ፣ ቅባት ሳይቀባ፣ ደርቆ፣ ፀጉር በሌለበት ቆዳ ላይ ይለጠፍ፤ በየቀኑ ቦታ ይቀየር። ማስቲካው እንደ ሌላው ማስቲካ አይታኘክም። አፉን ቆንጠጥ ማድረግ እስኪጀምር ጥቂት ይታኘክና እንደ ጫት ጉንጭ ውስጥ ይወሸቃል። ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና። ይህን ትምህርት ከድሬ ወንድ የተሻለ የሚቀበል የለም። ከማስቲካው በፊት 15 ደቂቃ ቡናም ለስላሳም አይጠጣ፤ ኒኮቲኑ አፍ ውስጥ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ።

ከሦስቱ የቱ እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የእኔን አስተያየት ከጠየቅሽኝ፣ የሚጥል በሽታም የኩላሊት ችግርም ለሌለበት፣ ግን ጫት ለሚወድ ሰው፣ ስለ ቫረኒክሊን ሐኪሙን ጠይቁት።

5. መግዛት

ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ፋርማሲዎች ጋ ደውላችሁ የትኛው እንዳለ ጠይቁ። ሁሉም ጋ ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ቫረኒክሊንን በድሮ የንግድ ስሙ፣ ሻምፒክስ ወይም ቻንቲክስ እያላችሁ ብቻ አትፈልጉ፤ እሱን አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2021 በንጽሕና ችግር ምክንያት ከገበያ ሰብስቦታል። አሁን በመድኃኒቱ ስም የሚያመርቱት ሌሎች አሉ።

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። ቫረኒክሊን ለ12 ሳምንት የሚፈልገው 11 ፍሬ ባለ 0.5 እና 154 ፍሬ ባለ 1 ሚሊግራም ነው። አንድ የክኒን ቅጠል ገዝቶ "ቀሪውን እናያለን" ማለት በመሃል መቋረጥ ነው። የሚያጨስበትን ገንዘብ ለሦስት ወር ደምሩና ከመድኃኒቱ ዋጋ ጎን አስቀምጡት።

ከድንበር ማዶ በሻንጣ የመጣ፣ ማሸጊያው ላይ የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን የሌለው፣ ከቅጠሉ ወጥቶ በላስቲክ የታሰረ ክኒን አትግዙ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ ደውሉ። ቤት ስትገቡ ደግሞ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሙቀት እዩ። ብዙዎቹ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይላሉ። የድሬ ከሰዓት በኋላ ይህን አያውቅም። ባጃጅ ውስጥ መስታወቱ ሥር፣ ቆርቆሮው ሥር ባለ መደርደሪያ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ከቤቱ ቀዝቃዛውና ደረቁ ክፍል፣ ልጅ በማይደርስበት።

6. ቀኑን መቁረጥ

ሰኞ ቫረኒክሊን ከተጀመረ የሚቀጥለው ሰኞ የማቆሚያው ቀን ነው። ሠርግ ያለበት ሳምንት አይሆንም። ታህሳስ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ቤቱ ከአዲስ አበባ በመጣ እንግዳ ሞልቶ እያለም አይሆንም።

ረመዳን ለሚጾም ሰው ጥሩ አጋጣሚ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ ይውላል፤ የሚቀረው ከኢፍጣር በኋላ ያለችው ሰዓት ናት። ቫረኒክሊኑን አንዱን ከኢፍጣር ምግብ በኋላ፣ አንዱን ሱሑር በልቶ መውሰድ ይቻላል፤ ሐኪሙን አማክሩ። ቴምርና ውሃ ብቻ ቀምሶ መዋጥ ግን ሆድ ይገለብጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም የኦርቶዶክስ ጾመኛም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

7. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ምግብ፣ ምግብ፣ ምግብ

ቫረኒክሊን ከሚወስዱ 10 ሰዎች 3ቱን ገደማ ያቅለሸልሻቸዋል። አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በልቶ፣ ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር መዋጥ።

አንዱ ደንበኛዬ በአራተኛው ቀን የክኒኑን ቅጠል ባንኮኒው ላይ ወርውሮ፣ "ይሄ ነገር አንጀቴን ገለበጠው፣ ውሰጂው!" አለኝ። ጠዋት ምን በልተህ ዋጥክ? አልኩት። "ቡና።" ማታስ? ዝም አለ። ከበርጫ ተነስቶ ምን ሊበላ? ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሚስቱ ራት አቅርባ አንስታዋለች፣ እሱ በባዶ ሆዱ ክኒኑን ውጧል። ቅጠሉን መልሼ ሰጠሁትና ሚስቱን አናገርኳት። ጠዋት ፉል በዳቦ ወይም ፈጢራ፣ የማታውን ደግሞ ከበርጫው በፊት በልቶ፣ ካልሆነም ትንሽ ነገር ቀምሶ። እንደገና አልመጣም፤ ለሚቀጥለው ወር መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ።

ያንቺ ሥራ በዚህ ሳምንት ይሄው ነው። ቁርስ ሳይበላ ከቤት እንዳይወጣ። በርጫ ካለ የማታው ክኒን ከምግብ ጋር የሚወሰድበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ ፍሬ ቫረኒክሊን ከረሳ ባስታወሰ ጊዜ ይውሰድ፤ የቀጣዩ ሰዓት ከደረሰ ያለፈውን ይተወው። ሁለቱን ደርቦ አይውጥም። መድኃኒቱ እንደማያዞረው እስኪያውቅ ድረስ መኪናም ባጃጅም ባይዝ ይሻላል።

በዚሁ ሳምንት ቤቱን አጽጂ። መተርኮሻው፣ ላይተሩ፣ ኪሱ ውስጥ ያለችው ቁራጭ፣ መጋረጃው። መጋረጃውን እጠቢው፤ ሽታው ራሱ ሐራራ ይቀሰቅሳል። ቤት ውስጥ ማንም እንዳያጨስ፣ እንግዳም ወንድሙም። አዋጅ 1112/2011 በሆቴልም በመሥሪያ ቤትም ቤት ውስጥ ማጨስን ከከለከለ ቆይቷል፤ ሳሎንሽ ከሆቴል አያንስም።

8. ከማቆሚያው ቀን በኋላ

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይከብዳሉ። ይነጫነጫል፣ አሳቡ አይሰበሰብም፣ በሽሮው ጨው ይቆጣል። በ2 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ያልፋል። ሐራራው ሲመጣ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ያቺን ደቂቃ የሚያሳልፍ ነገር በእጁ ይኑር፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ወደ ማታ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አንድ ዙር። ክብደት ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 4 ወይም 5 ኪሎ። ሳሉም ለጥቂት ጊዜ ሊብስ ይችላል፤ ሳንባው እያጸዳ ነው።

ቡናውን አሁን ቀንሱ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገው ነበር። ጭሱ ሲቀር የዚያው ስኒ ካፌይን ሰውነቱ ውስጥ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሰውየው ልቡ ሲመታ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ሲያጣ "መድኃኒቱ ነው" ይላል። ቡናው ነው። አቦሉ ይበቃዋል፤ በረካው ለሌላ ጊዜ ይቆይለት። በዚሁ ምክንያት የአንዳንድ መድኃኒቶች መጠንም ይለወጣል። ዋርፋሪን፣ ኦላንዛፒን፣ ክሎዛፒን፣ ቴኦፊሊን የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙ ማቆሚያውን ቀን ይወቅ። ኢንሱሊን የሚወጋም ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለካ።

አሁን ወደ በርጫው። ጫትና ሲጋራ ተለይተው አያውቁም። ሲጋራ የሚያቆም ሰው ጫቱንም ባንዴ ይተው ብዬ አልሰብክም፤ ሁለት ጦርነት በአንድ ሳምንት ይከብዳል። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት በርጫው ይቅር። ካልሆነ ሲጋራ የማይጨስበት ቤት፣ ከማያጨሱ ሁለት ሰዎች ጋር፣ ለአጭር ሰዓት። የአወዳይ ጫት የትም አይሄድም። ጓደኞቹን አንቺ አትጣዪ። "መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ከሲጋራ ጋር አይስማማኝም" ብሎ ራሱ ይንገራቸው፤ በድሬ ሕመም የተነገረው ሰው አያስገድድም። ጨብሲም (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) ይቀነስ። ቫረኒክሊን ላይ ያለ ሰው በትንሽ ቢራ ከወትሮው ቶሎ ሊሰክር፣ ያልተለመደ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

ሕልም ይደምቃል። ሌሊት እየተነሳ ያየውን ቢያወራሽ አትደንግጪ፤ ከመድኃኒቱ ነው። ከበረታ የማታውን ክኒን ወደ አመሻሽ ማምጣት ይቻላል። ሆድ ድርቀት ከያዘው ውሃና ጎመን።

ከዚህ የሚበልጥ ምልክት ካየሽ ግን አትጠብቂ። መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት፣ የፊት ወይም የምላስ እብጠት፣ ሽፍታ ከልጣጭ ጋር፣ የደረት ሕመም፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ድንገተኛ ቁጣ ወይም ፍጹም ዝምታ፣ "ብሞት ይሻላል" የሚል ንግግር። መድኃኒቱ ይቁም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል። እነዚህን ከማንም በፊት የምታዪው አንቺ ነሽ፤ ራሱን አያየውም።

9. አንድ ፍሬ ካጨሰ

ሸሚዙን አታሽቺ፣ ኪሱን አትፈትሺ። የተፈተሸ ሰው የሚማረው መደበቅን ነው። ራሱ ከነገረሽ "የት ሆነህ? ከማን ጋር?" ብቻ ጠይቂው፤ የዚያን ሰዓት መላ ለሚቀጥለው ጊዜ ታበጁለታላችሁ። አንድ ፍሬ አጨሰ ተብሎ መድኃኒቱ አይቋረጥም። ቫረኒክሊንም ቡፕሮፒዮንም ቢያጨስም ይቀጥላሉ። ብዙ ሰው ግን "አበላሸሁት" ይልና ክኒኑንም ይተዋል፤ ትክክለኛው ክስረት ያ ነው። ከማቆሚያው ቀን በኋላ ሳምንታት አልፈው አሁንም በየቀኑ የሚያጨስ ከሆነ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ መድኃኒት መቀየርም አለ።

10. ማብቂያው

12 ሳምንት ሲሞላ ሲጋራውን አቁሞ ከሆነ፣ ሐኪሙ ቫረኒክሊንን ለሌላ 12 ሳምንት ሊያራዝመው ይችላል፤ እንዳይመለስ ለማጽናት። "ተሽሎኛል" ብሎ በአምስተኛው ሳምንት የሚተወው ብዙ ነው። አልተሻለውም፣ መድኃኒቱ ይዞለት ነው። ሲያበቃም አንዳንዱ ለጥቂት ቀን ሐራራና ብስጭት ይመለስበታል። ይህን የሚፈራ ከሆነ መጠኑን ቀስ እያሉ ስለማውረድ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የተረፈ ፍሬ ካለ ለጎረቤት ባል አይሰጥም፣ ምንም ያህል ሚስቱ ብትለምንሽ። የሚጥል በሽታ እንዳለበት አታውቂም፣ ኩላሊቱንም አታውቂም። ለእሷ የምትሰጪው የሐኪሙን አድራሻ ነው፤ ክኒኑን ወደ መድኃኒት ቤት መልሺው፣ እኛ እናስወግደዋለን።